ነቅተሻል?

ሽምብጥ መታጠፊያው፣ ስልክ ከምጠግንበት፣
እትዬ አንጓች መጣች ገና በማለዳ፣
የባሏን ስልክ ይዛ፣
በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ እንደ ሰው ዕዳ።
«ልጄ፣ አንድ ሰው አለ፣ ሌሊት የሚመጣ፣
ጀርባው ሲነሳበት፣ ላቀው ሲገላበጥ፣ ከዚህ የሚወጣ።
ፊደል አልቆጠርኩም፤
ምን እንደሚለው ግን ፊቱ ይነግረኛል።
አንብብልኝ» አለች። «ካነበብከው ወዲያ
አጥፋው፣ ይበቃኛል።»

ከፈትሁት። ሐይቅ ነው።
ጣና ግን አይደለም፤ ማዕበል የለውም፣
ደንገል አልበቀለም፣ ይብራ አያቋርጠውም።
ነጭ የለበሰች ሴት ከዳር ተቀምጣለች።
ከሥሯ ተጽፏል፦ «ነቅተሻል? ደክሞሻል?
ያለ ሥቃይ፣ በክብር፣ ማረፍ ይቻልሻል።
ዛሬ ተመዝገቢ።»

«አንቺ» ነው የሚለው፣
አርባ ዓመት በታንኳ፣ ከዘጌ ባሕር ዳር፣ እንጨት የጫነን ሰው።
ስሙን አያውቀውም፣ ወንድነቱን ስቷል፤
እንቅልፍ የሚያጣበትን ሰዓት ግን አጥንቷል።

እምቦጭ ትዝ አለኝ፣
ያ ወይን ጠጅ አበባ፣ ላዩ ለዓይን ሲያሳሳ፣
ሥሩ ትንፋሽ ነሥቶ የሚጨርስ ዓሣ።

«ምን ይላል?» አለችኝ።
ምላሴ ከበደኝ። ዋሸኋት፦ «ሸቀጥ ነው፣
እትዬ፣ የሚሸጥ ነገር ነው።»
ቃሉ ካፌ ሳይወጣ ገባኝ፤
አልዋሸሁም። እውነቱም ይኸው ነው።

አጠፋሁት። ዘጋሁ። ከሥሩ ነቀልኩት።
በሳምንቱ መጣች፤
በሌላ ሴት ፊት፣ በሌላ ሐይቅ ዳር፣ በቅሎ አገኘሁት።
ለኩባንያው ጻፍኩኝ።
«አቤቱታሽ ደርሷል፤ ደንብ አልተጣሰም» አለኝ።
ለካ እኔንም «አንቺ» ነው የሚለኝ።

ማታ ቤቱ ሄድኩኝ።
ላቀው ተጋድሟል፣ ፊቱን ወደ ጣና።
«ጋሼ፣ ይሄ ነገር...» ብዬ ጀመርኩና
ቀረሁ።
«እናንተማ» አለኝ፣ «ዓመት ሙሉ 'ይማርህ' ብላችሁ፣
ብርቱካን አስቀምጣችሁ፣
ከመምሸቱ በፊት ትሄዳላችሁ።
በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት፣ ነቅተሃል ወይ ብሎ
ማንም አልጠየቀኝ።
እሱ ግን፣ እንደ ሴት ቆጥሮኝም ቢሆን፣ ጠየቀኝ።
ነጋዴ መሆኑን አጣሁት እንዴ?
አላጣሁትም። ግን ጠየቀኝ፣ ልጄ።»

ማክሰኞ ማክሰኞ ነርሷ ትመጣለች፤
ጀርባውን አይታ፣ መድኃኒቱን ለውጣ፣
ቁጭ ብላም ታወጋለች።
ሌላው ቀን የኔ ነው።

ይኸው ዘጠኝ ሰዓት፣ ሌሊት፣ ደወልኩለት።
ባንድ ጥሪ አነሳው፤ እንዳልተኛ አውቅለት።
«ጋሼ ላቀው፣ ነቅተዋል?»
«ነቅቻለሁ።»
«ነፋሱ ከየት ነው?»
ዝም አለ። መስኮቱ ሲንቋረር ሰማሁት፣ በክርኑ ሲገፋው።
«ከደቅ በኩል» አለኝ፣ ቆይቶ።
«ነገ ታንኳ የሚያወጣ ሰው
ዳር ዳሩን ይቅዘፍ።
ንገራቸው።»