ስህተትና ግድፈት

ዊንዘር ተኝታለች። ወንዙ በረዶ ለብሷል።
ከድልድዩ እግር ሥር የቢሮዬ መብራት እንደ ባለዕዳ ዓይን ደፍርሷል።
ሬዣን መኪናውን አቁሞ፣
ወረቀት ይሰጠኛል፤ አራት ገጽ፣ በዘይት አውራ ጣት ታትሞ።

«ዛሬስ ምን ጫንክ?» እለዋለሁ።
«ያንኑ» ይላል፣ «የትናንቱን። ነገም አመጣዋለሁ።»

ያ ብረት፣ ያ የመሪ አንጓ፣
ከዚህ ጥሬውን ወጣ፣
ዲትሮይት ቀልጦ መጣ፤
ተመልሶ ሄዶ ተሞረደ፣
መጥቶ ተበሳ፣ ደግሞ ወረደ።
ሦስቴ ወጪ፣ ሦስቴ ገቢ ብዬ የጻፍኩት በእጄ ነው፤
ብረቱ ግን አንድ ነው።

ሃርሊን፣ ገና ሁለት ሳምንቷ፣ እርሳሷን እየነከሰች፣
«ታዲያ ሀብታም የሆነው ማነው?» ብላ ጠየቀች።

«ብረቱን ተይው» አልኳት፣ «በየእጁ የተጨመረችውን ቁጠሪ፤
ከሞራጁ ላብ፣ ከበሺው ዓይን የተረፈችውን ደምሪ።
የሀገር ገቢ እሷ ናት፤ የቀረው መመላለስ ነው።
የወጣ ዕቃ ገንዘብ ሆኖ ይገባል፤
ያልገባ ገንዘብ በሰው ስም ዕዳ ሆኖ ይጻፋል።
ከሸጥነው በላይ የገዛን ዕለት፣ ልዩነቱን ያበደረን አለ፤
ሚዛኑማ ሁልጊዜ እኩል ነው፤ ጥያቄው ሸክሙ ማን ላይ ዋለ።»

«ሁልጊዜ እኩል?»

«ሁልጊዜ። እኩል ካልሆነም ከሥር አንዲት መስመር አለች፤
ስህተትና ግድፈት ትባላለች።
ያልታየ፣ ያልተጠየቀ፣ በኪስ የተሻገረ፣
በእሷ ይሞላል። መዝገብ እንዲህ ነው ያማረ።»

ሃርሊን ሳቀች። እኔ ኢሎንካን አሰብኩ፤
ከግድግዳዬ ማዶ የነበረችውን፣
ሠላሳ አንድ ዓመት በዋሻው መንገድ ዲትሮይት ተመላልሳ
የመኪና ወንበር ልብስ የሰፋችውን።
ጡረታዋ በየወሩ ወንዙን ተሻግሮ ይገባል፤
በካናዳ መዝገብ ላይ በገቢ ዓምድ ይደመራል፤
በእሷ ጠረጴዛ ላይ ድንች፣ የቤት ኪራይ፣ ቀይ የሱፍ ክር ይሆናል።

ከክሩ ለማዕዶቴ ጓንት ሠራች።
እኔ ድልድይ ሥር ወረቀት ስደምር ልጄን ይዛ አደረች፤
አምስት ዓመት።
ገንዘብ ያወጣሁ ቀን እጄን መታችኝ፦
«እንቅልፍ እንደሁ ትቶኛል፤
ጣራ ከመቁጠር የልጅ ትንፋሽ መቁጠር ይሻለኛል።»

በጥቅምት ሞተች።
በሳምንቱ ሞግዚት ቀጠርኩ፤ በሰዓት አሥራ ዘጠኝ ዶላር፣
ደረሰኝ ያላት፣ ግብር ያላት።
ልጄ ያችው ልጄ፣ አልጋው ያው፣ ሌሊቱም ያው ሌሊት፤
ሀገር ግን በዚያ ወር በለጸገች፤ አንድ ደመወዝ ተጨመረላት።
ከወዲያ የሚመጣው ቀጭኑ ገቢ ብቻ
በአንድ ስም ሳሳ።

ኑዛዜዋ ዴልሬይ ነበር፣ ከባሏ ጎን መቀበር።
ልጇ ከካልጋሪ አመዷን በሣጥን ይዛ መጣች፤ ቅጹን እኔ ሞላሁ፣
ሥራዬ አይደል ድንበር።
«የዕቃው ዓይነት» ይላል። «የተሠራበት ሀገር።» «ዋጋ።»
ለብሎን፣ ለቲማቲም፣ ለፈረስ ፀጉር እንኳ
የቀረጥ ቁጥሩን በቃሌ የማውቅ ሴት፣
ባዶዋ ሣጥን ላይ ብዕሬ ቆመብኝ፤
ሀገር? ሀንጋሪ ወለደቻት፣ ዲትሮይት አሠራቻት፣
የእኔ ልጅ ግን እዚህ፣ በግድግዳው ማዶ፣ አያት አደረገቻት።
ዋጋ፦ ዜሮ አልኩ። ደንቡ ነው።
ደንቡን አልጠላሁትም። እጄን ግን ጠላሁት።

በዋሻው መውጫ መኮንኑ ጎንበስ አለ፦
«የምታስመዘግቡት ነገር አለ?»
ማዕዶት ከኋላ ቀይ ጓንቷን ዘረጋች፦
«ይሄ አለ» አለች፣ «ስንት እንደሆነ ግን አላውቅም።»
እሱም አላወቀም። እለፉ አለን።

አሁን ሃርሊን የወሩን ድምር ዘግታ፣
«አልገጠመም» ትላለች፣ «ትንሽ ቀርቷል» አቀርቅራ።
«ፈልጊው» እላታለሁ።
«ከየት?»

በመስኮቱ ሬዣን ይታየኛል፤ ድልድዩን ወጥቷል፣
ያንኑ ብረት ጭኖ፣ አንድ መብራቱ ጠፍቷል።