ከሰደፉ ሥር

የጦሳ ጉም ወርዶ፣ ፒያሳው ሲጨልም፣
ጠብመንጃ እንደ ሕፃን፣ አዝላ መጣች ዘምዘም።
«የአባቴ ነው፤ መርምር፣ ዋጋ ንገር» አለች፣
ከጠረጴዛዬ ላይ፣ ቀስ ብላ ገለጠች።
«ፈቃዱ ይኸውልህ፣ ማኅተም ያለበት፤
ለቆርቆሮ ነው ብሩ፣ ዘምሞብኛል ቤት።»

ሙሄን ማን ያጣዋል፣ ከሐረጎ በታች?
ወንድሙ ሲገደል፣
መንደሯ ሁለት ሆና፣ ለደም ተነሣች።
እሱ ግን ደጃፉ፣ ይህን ታቅፎ ዋለ፣
ሊገድል የመጣም፣ አፈሙዙን አይቶ፣ «ነገ ይሁን» አለ።
ነገ ነገን ወልዶ፣ ሽማግሌ ገባ፣
ካሣው ተከፍሎ፣ ልጅ ከልጅ ተጋባ።

እኔ ሽበሺ እንድሪስ፣ የብረት ሐኪሙ፣
በሽታውን ዐውቃለሁ፣ ከነመድኃኒት ስሙ።
ሻጭ ሁሉ ይዋሻል፣ ብረት ግን አይዋሽም፣
በዘይት ቢያባብሉት፣ ጠባሳው አይሸሽም።

ወግ ነው፣ መጀመሪያ፣ ከወገቡ አጠፍሁት፣
የጎረሰው የለም፤ ባዶ አፍ አገኘሁት።
ከዚያ አንድ ዓይኔን ከድኜ፣ ባትሪዬን አብርቼ፣
ቧንቧውን አነበብሁ፣ ጫፍ እስከ ጫፍ ገብቼ።
ዝገቱ ጥቂት ነው፣ እንደ ጠቃጠቆ፣
ከአፉ አንድ ጋት ወርዶ፣ ጥላ ተደብቆ።
ሰደፉ ዋንዛ አይደል፣ ወይራም አይመስለኝ፣
የባሕር ማዶ እንጨት፣ ደም ሥሩ አስደመመኝ።
ስንጥቁ ላይ ግን፣ የበሬ ቆዳ አለ፣
በእርጥቡ ተሰፍቶ፣ ደርቆ እንደ ብረት ያለ።
«ዋጋ ይቀንሳል» ብዬ ጻፍሁ ቶሎ፣
ጣቴ ግን ስፌቱ ላይ፣ ቀረ ተንጠልጥሎ።

ሌላም ነገር አለ።
ሰደፉን ከትከሻ፣ ጉንጬን ከላዩ ባሳርፈው፣
ምድር አያሳየኝም፤ ሰማይ ሰማይ ነው የሚያየው።
አንድ አፍ፣ ረጅም ቧንቧ፣ ጫፉ የጠበበ፣
ለሰው አይደል፣ ላውሬም፣ ይህ የታሰበ።
ፈረንጅ በመስኩ ላይ፣ ሸክላ እያስወረወረ፣
«ርግብ» እያለ ጠርቶ፣ ሲሰብርበት የኖረ።
ደም የላት፣ ላባ የላት፣ አልቃሽ የላት ዘመድ፣
ስትሞት ገል ብቻ ነች፣ ተጠርጋ የምትሄድ።

ለዘምዘም አልነገርሁም። ምን ብዬ ልንገራት?
ያ ሁሉ የፈራው፣ መጫወቻ ነው ልበላት?

ቃታውን ሳብሁት፤ ቀጭ አለ፣ ግን ፈዝዞ፣
ጥርስ እንደሌለው አፍ፣ ቃሉን ነፋስ ይዞ።
መምቻ መርፌው የለም። ባዶ ቀዳዳ ነው፣
ጥላሸት የሌለበት፣ ዘይት የሸፈነው።
«መቼ ነው የጠፋ?»
«እኔ ምን ዐውቃለሁ፣
ሲተኩስ አላየሁ፤ ሲወለውል ግን፣ በየጁምዓው አየሁ።»

ነቀዝ ገብቶ እንደሆን፣ ሰደፉን ልፈትሽ፣
ክዳኑን አነሣሁ፤ ወጣ የእራፊ ቁራሽ፣
በሰም የተለወሰ፣ ሦስት ዙር የታሰረ፣
ውስጡ ያ መምቻ፣ ዝገት ያልደፈረ።

ዘምዘም ጨርቁን አየች። ነካችው በጣቷ።
«የእናቴ ቀሚስ ነው» አለች፣ «ያ የክቷ።»
እናቷም ታውቅ ኖሯል። ሁለት ሰው፣ አንድ ጓዳ፣
ባዶውን ሲያሳድሩ፣ እንደ ክቡር እንግዳ፤
ጠላት ሳል ባሰማ፣ ውሻ በጮኸ ሌሊት፣
እሱ ብረቱን ይዞ፣ እሷ ምስጢሩን ይዛ፣ ሳይነጋገሩበት።

ደብተሬ ላይ አንድ መስመር ቀርቷል፤ «ይሠራል ወይ?» ይላል፣
እርሳሴን አሾልሁት፤
ደግሜ አሾልሁት፤ እጄ ግን ያቅማማል።

«ልግጠመው?» አልኋት፤ «እጥፍ ነው ያን ጊዜ፣
ገዢም አላጣለት፣ ሳይመሽ በስልክ ይዤ።»
ዘምዘም በበሩ ወደ ጉሙ አየች፣
ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ፤ እሷ ግን ቆየች።
ሳቅ አመለጣት፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች፣
መርፌውን በእራፊው፣ እንደ ነበር አርጋ፣ ሦስት ዙር አሰረች፣
«ነገ ይሁን» አለች።