ሉባባን ከባሕር ሳወጣ

ካርታው ያስቀመጣት ባሕር ውስጥ ነበረ፤
ቀዩ ምልክቷ፣ ከዓጅማን ዳርቻ፣
ከዓሣ ጀልባዎች ማዶ፣ ለብቻ፣
ሰማያዊው ላይ ተተክሎ የቀረ።

«እህቴ፣ ውሃው ጋ ደርሻለሁ፤ ከዚህ ወዲያ በምን ልምጣ?»
ይላል ስልኩ። እሷ የነከሰችውን ማበጠሪያ ካፏ አውጥታ፦
«ተመለሺ፣ ከላውንድሪው ጀርባ፣ ልብስ ሰፊውን በግራ ትተሽ፣
ኤሲ የሚያንጠባጥብበት ደረጃ ላይ ስትደርሽ...»
ካርድ ያልቃል።

ሞተረኛ ነኝ እኔ፤ ማታ ማታ የሰው ራት አደርሳለሁ፤
የመንገድ ስም በማይጠራበት ሰፈር በር በሽታው አገኛለሁ፤
ቀን ቀን ደግሞ ለሚያምነኝ ሰው ድረ ገጽ እጠጋግናለሁ።
«ሀገር ያወቀኝ፣ ፀሐይ የሞቀኝ ሴት ነኝ» አለችኝ ሉባባ፣
«ምነው ከዚህ ስልክ ጆሮ ብቻ ስሜ አልገባ?»

ስሟ ሦስት ነው።
ንግድ ፈቃዱ ላይ «ዘህረት አል-ኸሊጅ»፣ ካፊሏ እንዳወጣው፤
መስታወቱ ላይ «ሉባባ ሹሩባ»፤
ሴቶቹ ግን «ወረባቦዋ ጋ» ነው የሚሉት።
ስልኳም ሁለት፣ አንደኛው ከሞተ ዓመት ያለፈው።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» አልኳት፣
«እዚህ ግን ሁለተኛ ገጽ የወረደ ስም መቃብሩም አይታወቅለት።
አንድ ስም፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ በር ምረጪ፤
የትም ስትጠሪ በሱ ብቻ ውጪ።»
ሳቀች። «አንድ ስም! አንተ ልጅ የት አገር ነው ያለኸው?
ፓስፖርቴ ላይ ያለችውን ሴት ደላላው ነው የወለዳት።»

ገጿ ላይ «እጅግ ዘመናዊ የውበት አገልግሎት» ይል ነበር፤ ሰረዝኩት።
ማን በእኩለ ሌሊት እንዲያ ብሎ ይፈልጋል?
ጻፍኩ፦ ሹሩባ። ቁጥርጥር። ኑዐይሚያ። ከላውንድሪው ጀርባ።
በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በዐረብኛ፣
አፍ እንደሚለው፣ ሳላሳምረው።

ቀጥሎ ኮከብ ቆጠራ።
ያገሬ ኮከብ ቆጣሪ ስምን ከእናት ስም ይደምራል፤
የዚህ አገሩ ኮከብ ከደንበኛ ይለመናል።
አንዷ ጻፈች፦ «እጇ አያምም። እየሠራችኝ እንቅልፍ ወሰደኝ፤
አልቀሰቀሰችኝም።» አምስት።
ሌላዋ፦ «ወሬ ታበዛለች።» ሦስት።
ሉባባ ሁለቱንም ስታነብ ዋለች፤
ሦስቷን የሰጠቻት ማን እንደሆነች ታውቃለች።

መጨረሻ ላይ ምልክቷን በጣቴ ያዝኩና ጎተትኩ፤
ከጥልቁ ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ አሸዋ፣
ከአሸዋ ወደ አስፋልት፣ እስከ ላውንድሪው ጓሮ።
ትከሻዬ ላይ ቆማ ታያለች።
«ቀስ በል» አለች፤ «እኔም እንዲሁ ነው የወጣሁት።
በዚያኛው ባሕር ግን እንዲህ ያለ ጣት አልነበረም።»
አልጠየቅኳትም።

በሦስተኛው ወር ከአሥራ ዘጠነኛ አራተኛ ሆነች፤
ወንበር ጨመረች፣ ሁለተኛ መስታወት ሰቀለች።
ቁጥሩን ሳሳያት አንድ ነገር አየች፦
«ይህቺ ማናት፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ከሌሊቱ ሰባት?»
«መንገድ ጠያቂ ናት። "ሹሩባ ቅርብ" ብላ ትጽፋለች።
በየሳምንቱ አንዴ። መጥታ አታውቅም።»

ዝም አለች። ከምታጥበው ማበጠሪያ ጸጉር ለቀመች።
«በሩ ከውጭ የሚቆለፍ ቤት ናት» አለች።
«ዓርብ የሥራ ሰዓቴን ስንት ብለሃል?»
«እስከ ማታው አራት።»
«አጥፋው። "እስክትመጪ" በልበት።»
«ሳጥኑ ቁጥር እንጂ ቃል አይቀበልም።»
«እንግዲያ» አለች፣ ማበጠሪያውን እያራገፈች፣
«ሃያ አራቱንም ሙላልኝ።»