ያልተነሳው

እኔ ሥራዬ መጻፍ ነው፣ በጓያና ምክር ቤት፤
ከአፈ ጉባኤው እግር ሥር፣ ከትንሿ ጠረጴዛ፣
የሚወረወረውን ቃል ቀልቤ በወረቀት
አኖራለሁ፤ የምሩን እንደ ምር፣ የዋዛውንም እንደ ዋዛ።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ማራገቢያው ሲያንቀላፋ፣
እንቅልፍ ክቡራኑን በየወንበራቸው ሲደፋ፣
ከኋላ ረድፍ ተነሳች፣ መነጽሯን አድርጋ ገፋ፤
ኢንድራኒ ራምሳሩፕ ናት፤ ከፔሸንስ የተመረጠች።
"ትዕግሥት" ማለት ነው ስሙ። ትዕግሥቷን እዚያ ትታ መጣች።

"ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ጥያቄ ላነሳ ነው።
ከእኔ መንደር እስከ ዛሬ
የተነሳ ነገር ቢኖር ጥያቄ ብቻ ነው።"
(ሳቅ።)

"ትራክተሩ ከተሰበረ ሰባተኛ ወሩን ያዘ።
ጠራጊዎቹ አራት ነበሩ፤ ደመወዝ ሲቀር ሦስቱ ሄዱ፤
አንዱ ቀረ፤ ወይ ታማኝ ነው፣ ወይ የሚሄድበት የለው፤
የሦስት ሺህ ሰው ጣጣ በእጅ ጋሪ ይገፋል።
ቦዩ በፌስታልና በኮኮናት ቅርፊት ታፍኗል፤
ባሕሩ ሲሞላ የውሃው በር አይዘጋ፣
ባሕሩ ሲጎድል አይከፈት፤
ዝናብ በመጣ ቁጥር የጣልነው ሁሉ ተንሳፍፎ
ደጃችን ይቆማል፣
እንደ ባለዕዳ አይደለም፣ እንደ አበዳሪ።
ልጆቹ በጣውላ ላይ ተሻግረው ይማራሉ።
ክሊኒኳ ነርስ አላት፤ ፋሻ የላትም።

ሐባኩክ ኳሚና የሚባል የስኳር ፋብሪካ ጡረተኛ
ይህን የብስኩት ቆርቆሮ ሰጠኝ፤
የሃያ ሁለት ዓመት የግብር ደረሰኝ ነው፣ አንድም አልጎደለ።
'ሂጂ' አለኝ፣ 'ጠይቂልኝ።
ከፍያለሁ። መልሴን እፈልጋለሁ።'
የትኛውን መልስ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።
ክቡር ሚኒስትሩ ሁለቱም ካለዎት፣
ሁለቱንም ተቀብዬ እሄዳለሁ።"

ቆርቆሮውን አንስታ ነቀነቀችው።
ወረቀት ነውና አልጮኸም።
"ዕቃ ይዞ መግባት በደንቡ ክልክል ነው" አሉ አፈ ጉባኤው፣
እሱም ተጻፈ።

ሚኒስትሩ ተነሱ። (እሳቸውስ ይነሳሉ።)
ክቡር አልስተን ብራምብል፣ ድምፃቸው እንደ ቅቤ፦
"ጥናቱ ተጠንቷል፣ ኮሚቴው ተዋቅሯል፣
የኮሚቴው ጥናት ደግሞ እየተጠና ይገኛል፤
በጀቱ ተይዟል፣ የተያዘው ተላልፏል፣
የተላለፈው ዞሯል፣ የዞረው ተመልሷል፤
በመጪው ሩብ ዓመት፣ ሁኔታው ሲፈቅድልን፣
በየደረጃው ያሉት አካላት ሲያግዙን…"

ጣቴ ዛለ። አንዲት ቃል ሳላስቀር ጻፍኩ።
ንጹሐን ነበሩ ቃሎቹ፣
ዝንብ እንኳ አላረፈባቸውም።

"ክቡር ሚኒስትር" አለች ተቀምጣ፣ ማይክሮፎኑ ሳይዘጋ፣
"ይሸታል።"

"ጊዜው አልቋል" አሉ አፈ ጉባኤው።
ጥያቄ ቁጥር አርባ ሁለት፣ ስለ ዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ።

ማታ ስወጣ አየኋት፣ ሚኒባስ ስትጠብቅ፣
ቆርቆሮዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ።
የምክር ቤቱ የቆሻሻ መኪና በሰዓቱ ደረሰ፤
ጓንት ያደረጉ ሰዎች የእኛን ጥራጊ፣
የተቀደደውን ረቂቅ፣ የሻይ ቅጠሉን፣ ሁሉን አነሱ።
ዓይኗ ሳይነቀል ታያቸው ነበር፣
ያልተጠራ ሰው የጎረቤቱን ሰርግ በአጥር እንደሚያይ።

አራሚው፣ ሚስተር ደ ፍሬይታስ፣ በቀይ ቀለም
አንዲት ቃል ሰርዞ ዳሩ ላይ "ለቤቱ ክብር" ብሎ ጽፏል።
በማግስቱ ማለዳ፣ ወደ ማተሚያ ሳይሄድ፣
ማራገቢያው ሳይነሳ፣
መልሼ ጻፍኳት።

አንዲት ቃል ናት። ትራክተር አትጠግንም።
ግን እዚያ ናት፣ ገጽ ሁለት መቶ ስድስት፣
ከታች ሦስተኛው መስመር።
መዝገቡን የሚከፍት ሰው
አፍንጫውን ይያዝ።