የኩሬው ሕግ

ጥቅምት ሲጋመስ በቦሄሚያ፣ ጭጋጉ ከግድቡ ሳይነሣ፣
አባቴ እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ፣ መረቡ ሙሉ ዓሣ፤
እኔ ከዳር ቆሜ፣ በረጠበ ጣቴ፣
የሠላሳ ዓመት ደብተር እገልጣለሁ፣ በእርሳስ የጻፈው አባቴ።
አንዱ ዓመት ሞልቶ የፈሰሰ፣ አንዱ ዓመት ባዶ፣
ከየቁጥሩ ጎን አንድ ሰበብ ቆሟል፣ እንደ ዘበኛ ማልዶ፦
«ሽመላ በዛ።» «በረዶው ቆየ።» «የአውሬ ዱካ አየሁና...»
«አንቺ ተምረሻል» አለኝ፤ «ሌባዬ ማነው፣ ቦህዳና?»

«ሌባ የለም፣ አባ። ጢም ያለውን ኩሬ አንድ ብለህ ጀምር፤
ዓሣ የያዘውን እጅ በባዶው እጅ አባዛ እንጂ አትደምር፤
በመራቢያው ቁጥር ደግመህ ስታባዛ
የከርሞው ይወጣል። ሕጉ ይኸው ነው። በዛ?
ወፍጮ በለው፣ የፈጨውን መልሶ የሚያስገባ፤
የዘንድሮው ዱቄት የከርሞ እህል ነው፣ አባ።»

ከጉልበቴ ላይ ካልኩሌተር። መራቢያውን ሁለት አልኩና
ቁጥሩ ተንደርድሮ ግማሽ ላይ ተቀመጠ፤ ብገፋው፣ መጣ እንደገና።
ሳቀ፦ «አጎትሽ ቬንዴሊን! ከቢራ ቤት ወንበሩ
ቢጎትቱት፣ ቢያባርሩት፣ ማታ እዚያው ነው አዳሩ።»
ሦስት ነጥብ ሁለት ስል፣ ለሁለት ተከፈለ፣
አንድ ዓመት ጥጋብ፣ አንድ ዓመት ችጋር እያለ።
ጥቂት ብጨምር አራት፣ ጥቂት ብጨምር ስምንት፤
ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ላይ ግን
የረገጠውን የማይደግም፣ ቤት የሌለው ቁጥር።
ሽመላ አልገባበት፣ ዕጣ አልወጣበት፤ ያው ሕግ፣ ያው አንድ መስመር፣
የአባቴን ደብተር የሚመስል ነገር።

እጁን በሱሪው ጠረገ። ዝም አለ።
«ሕጉን ካወቅሽማ፣ የሃያ ዓመቱን ንገሪኝ» አለ።
«የከርሞውን እንጂ እሱን አልችልም። በቆጠራዬ አንዲት ዓሣ ብስት
ስሕተቴ ትራባለች፤
ከዓሣው ፈጥና፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላ፣ ኩሬውን ትሞላለች።»

ቆጥረን የመለስናቸው አራት መቶ አሥራ ሁለት፤ ጽፌያለሁ።
ለገና የለየናት ካርፕ ባልዲ ውስጥ ስትንፈራገጥ አያለሁ።
ጎንበስ ብሎ አነሣት፤ እንደ ሕፃን አቅፎ
ትንሽ ቆየና ወረወራት፤ ውሃው መጣ ደብተሬን አልፎ
ፊቴ ላይ።
«በይ እንግዲህ» አለኝ፣ «ሃያኛሽን ዓመት አስሊው።»

የገና ዋዜማ ራታችን የድንች ሰላጣ ብቻ ሆነ፤ እናቴ አኩርፋ።
ደብተሩን ኋላ ገለጥኩት።
ከዚያ ዓመት ቁጥር ጎን፣ ሰበብ በሚጻፍበት ስፍራ፣
በእርሳስ፦ «እኔ።»