አሥራ አንድ ከዜሮ በታች

ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሂርማታ፣ ከሸምሲያ ደጃፍ፣
ከአሰንዳቦ የመጣ ባጃጅ ቆሞ ሲያራግፍ፣
ሁለት ጆንያ ቆሮሶ፣ እርጥብ፣ ዓይኑ የሚያበራ።
ዓሣውም መብራቱም ከጊቤ ነው፤ አንድ ውሃ ነው ያፈራ።
ዓሣው ጎማ ላይ ተንገጫግጮ፣ ይኸው፣ ደርሷል፤
በሽቦ የተላከው መብራት የት እንደቀረ ማን ያውቃል?

«ጋዝ ጨምርበት» አለችኝ፣ የፍሪጇን ጎን መትታ፤
«ጠዋት ሆዱ እንደ ቡኮ ነው፣ የከተትኩት ማታ።»

ከፈትኩት። ጋዙ ሙሉ ነው፣ ሞተሩም ጤነኛ፤
ጥፋቱ የአየር ነው፣ የዚያ የሰነፍ መልእክተኛ፣
ብርዱን በእፍኙ ይዞ መንገድ ላይ የሚያንጠባጥብ።
ሥጋ ቀስ ብሎ ሲረጋ ውስጡ ያለው ውሃ ጊዜ ያገኛል፣
መርፌ ያበቅላል፣ ረጃጅም መርፌ፣ ሥጋውን ይወጋል፤
ሲቀልጥ ጣዕሙ ከሳህኑ ላይ ይፈሳል።

ይህን ልነግራት ጀምሬ ተውኩት። «ጨው አለሽ?» አልኳት።

በመጀመሪያው ሳምንት የወጥ ጨው ነበር፣ እፍኝ በእፍኝ ላይ፤
ሃይላንዶቹን በጎናቸው አስተኝቼ ሲነጋ ሄጄ ባይ፣
ውሃው ውሃ ነው። ጨው የጠገበ ውሃ እምቢተኛ ነው፣
የቤት ፍሪጅ አይረታው።
ሸምሲያ ጎረቤት ጠርታ ሳቀችብኝ፦
«ዓሣው ቀርቶ ባሕሩ ነው ፍሪጄ የገባልኝ!»

በሁለተኛው፣ ኪቶ ፉርዲሳ ወጣሁ፣ ለምንትዋብ ነገርኳት፣
ለጋሽ አጥናፌ ልጅ፤ ሌላ ጨው፣ የፖታሽ፣ መዝና ሰጠችኝ፤
«ለአራት እጅ ውሃ አንድ እጅ። እንዳታበዛ» አለችኝ።

ሌሊት መብራት ነበር፣ ጠዋት ሄደ።
ጠርሙሶቹን አንኳኳሁ፤ ድንጋይ።
ዓሣውን በሁለት ንብር በረዶ መሐል አስተኛሁ፣
ቴርሞሜትሬን ሰካሁ፣ በርጩማ ስቤ ጠበቅሁ።

አሥራ አንድ። ከዜሮ በታች አሥራ አንድ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበ፣ አዌቱ ሞላ፣ ጭቃ ሆነ መንገድ፤
አሥራ አንድ።
በረዶው ጥግ ጥጉን ሟሟ፣ ዓሣው በተኛበት በኩል፣ ከሆድ፣
ሙቀቱን ይጠጣል፣ ይጠጣል፤
አሥራ አንድ።

ጋሽ አጥናፌ ትዝ አሉኝ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ ሙያ ያስተማሩኝ።
ስንት ሞተር አቃጥዬባቸው «ሌላ አምጣ» ብቻ ነው ያሉኝ።
ባለዕዳ ደጃቸው ላይ ሰደባቸው፤ ያው ነበሩ።
ሚስታቸውን ቀብረው በአራተኛው ቀን ሱቅ ከፈቱ፤ ያው ነበሩ።
እኛ ጎረምሶቹ «ቀዝቃዛ ሰውዬ» እንል ነበር።

ቁጥሩ ዝም የሚለው በረዶ እስካለ ድረስ ነው፤
የመጨረሻዋ ፍንካች ስትሟሟ ነው የሚነሣው።
አንድ ቀን ጮኹ፤ በወደቀች አንዲት ብሎን።
በማግስቱ ሱቁ አልተከፈተም።

ሸምሲያ በአውራ ጣቷ የዓሣውን ሆድ ተጫነች።
ደግማ ተጫነች። እንደ በር አንኳኳች።
ሌሊት ሙሉ የሚፈጀው በዙሁርና በአሱር መሐል አለቀ።
አልሳቀችም አሁን። የሟሟውን ጠርሙስ ወደ ብርሃን አንሥታ፦
«ይሄ ውሃ አይደክመውም?»
«ሌሊት ካገኘ መልሶ ይረጋል።»
«ካላገኘስ?»

ካቻቪቴዎቼን ሰበሰብኩ።
የድካሜን፣ አንድ ዓሣ፣ በጋዜጣ ጠቀለለችልኝ፤
በዝናቡ ውስጥ ለምንትዋብ ወሰድኩት፣ በብብቴ ይዤ፣
ኪቶ ድረስ። ጎኔ ደነዘዘ።
ዓሣው እንደ ጠነከረ ደረሰ።