የምሰሶው ጋዜጣ

ካቫላ ውስጥ ዜና የሚነበበው
ዳቦ ቤቱ ጥግ፣ ከመብራት ምሰሶ ነው።
አንድ ገጽ ወረቀት፣ ዳር ዳሩ ጥቁር፣
ማን እንደ ሞተ፣ መቼ እንደሚቀበር፣
ስንት ሰዓት፣ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን፤
ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የቀሪ ዘመዱን።
እኔም ፊደል የቆጠርኩት እዚያው ነው፣ ከሙታን።

ሌላው ሰው ተምሮ ይሆናል ከመጽሐፍ፤
እኔ ዓሣ በፌስታል አንጠልጥዬ፣ ከምሰሶው ደጃፍ፣
ዜታን ከአሮጊቷ ዘኖቪያ፣
ላምዳን ከላዛሮስ፣ ጫማ ጠጋኙ፣ ከጋራዡ ወዲያ።

ኪርያ ኤቫንቲያ በመስኮት ትጠብቀኛለች፤
ደረጃውን ሳልጨርስ "ዛሬስ ማን?" ትላለች።
ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ እምቢ ብሏል፣
ጆሮዋ ግን እስከ ወደቡ ይሰማል።
መጀመሪያ የሞተ፤ ቀጥሎ የታመመ፤
ከዚያ የዓሣ ዋጋ፤ ማን ከማን ተኳርፎ እንደ ከረመ፤
በመጨረሻ መንግሥት፣ እሱም ከተረፈ ጊዜ።
እኔ ነኝ ሬዲዮዋ፣ ዘንቢሌን ይዤ፦

"ፓስካሊስ ሰርዲኑን በአራት ዩሮ ሸጠ።
የታሶስ ጀልባ አድማ መታ፤ ቱሪስቱ ሻንጣው ላይ ተቀመጠ።
ማዘጋጃ ቤቱ ነገ ውሃ ይቆርጣል፤
የስቴርዮስ በለስ ድንበር አልፎ ረገፈና ጎረቤቱ እከሳለሁ ይላል።"
"ውሃውን ተይው" አለች፤ "በለሱን ማን በላው?"
"እኔ" አልኳት። እስክታስል ሳቀች፤ "ዝም በይ፣ ዳኛው እንዳይሰማው።"

ስሜ ሻሺቱ ነው። እዚህ አገር ግን ሸ አልተፈጠረም፤
ምላሳቸው ይሞክራል፣ ጥርሳቸው አይተባበርም።
"ሳሲቱ" ይሉኛል፣ ሐኪሙም፣ ፖስተኛውም፤
እሷም።
አርሜ አርሜ ደከመኝ፤
አንዴ "ሽ... ሽ..." እያልኩ ሳሳያቸው
ዝም በሉ ያልኳቸው መስሏቸው ዝም አሉኝ።

በየካቲት፣ ቦሪያስ የሚሉት ነፋስ ሳምንት ሲያፏጭ ከርሞ፣
አንድ ማለዳ "ዛሬስ ማን?" የሚለኝ ጠፋ፤ ቤቱ ጸጥ አለ ፈጽሞ።
ሻይ አፈላሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።
ሁለት ስኳር ጨመርኩበት፤
ሐኪሙ የፈቀደላት አንድ ነበር፣
ያን ቀን ግን ማንም አልከለከላትም።

ልጇ ፎቲኒ ከጀርመን መጣች። ማተሚያ ቤት ሄድን።
ሰውዬው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፣
"ስሞቹን በተራ" አለ።
ልጅ፦ ፎቲኒ። አማች፦ ሔልሙት። የልጅ ልጆች፣ ሁለት።
እህት፣ ካናዳ ያለች። የወንድም ልጆች፣ ሰባት፤
(ከሰባቱ አንዱን ብቻ ነው በአራት ዓመት ያየሁት፣
እሱንም የመኪና ማቆሚያ አጥቶ ሲሳደብ በራፉ ላይ ቆሞ።)
ብዕሩን ሊከድን ሲል ፎቲኒ "ቆይ" አለች፤
"አንድ ስም ቀርቷል።" ወደ እኔ ዞረች።

"እንዴት ነው የሚጻፈው?" አለኝ ሰውዬው።
አራት ዓመት ሰው ሳርም የኖርኩ ሴት፣
እጄን ኪሴ ከትቼ፣ "በሲግማ" አልኩት፤
"እሷ እንደምትጠራኝ ነው።"

አሁን ምሰሶው ላይ ነኝ፤ ከሰባቱ የወንድም ልጆች ሥር፣
ከማተሚያ ቤቱ ስልክ ቁጥር በላይ፣ ለብቻዬ አንድ መስመር።
ፓስካሊስ ሰርዲኑን ሳይመዝን ጨመረልኝ፤
ስቴርዮስ፣ ጋዜጣ በመቆንጠጫ ከሚሰቅልበት ኪዮስክ ብቅ ብሎ፣
"ሳሲቱ፣ በለሱ ሲደርስ ነይና ቅጠፊ" አለኝ።

ከሳምንት በኋላ ሌላ ወረቀት ተለጠፈ፤
አንድ ጡረተኛ ካፒቴን፣ ሰማንያ አራት፤
የእኔን "ቱ" ሸፈናት።
"ሳሲ" ብቻ ቀረሁ። ዝናቡም ሙጫውን ጀምሮታል።
እኔ ግን ቆሜ አነበብኩ፣ ቃል በቃል፦
ስንት ሰዓት፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ ስንት የልጅ ልጅ፤
ዘንቢሌን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ
እያዛወርኩ፣ ምንም እንዳይረሳኝ፣
ለማን እንደምነግር ሳላውቅ።